ከፍ ዝቅ በማይል አልጋ ታካሚን ወደ ላይ መሳብ

ጥያቄ (ደሴ፣ የነርሲንግ ተማሪ)፦ በስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) የተለማመድነው ከፍ ዝቅ በሚል አልጋ ነው፤ ዋርድ ያለው ግን አይንቀሳቀስም። ወደ እግርጌ የተንሸራተተ ታካሚ እንዴት ይሳባል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ የካቴተሩን (የሽንት ቱቦውን) እና የጉሉኮሱን መስመር ላላ አድርጉ፤ እሱ ነው የሚረሳው። ትራሱን የራስጌው ብረት ላይ አቁሙት፣ ጭንቅላቱን እንዳይመታው። ለሁለት የታጠፈ አንሶላ ከትከሻው እስከ ጭኑ ድረስ ከስሩ አስገቡ። ግራና ቀኝ ቆማችሁ ጠርዙን ወደ ሰውነቱ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ራቅ ብሎ ከተያዘ ጫናው ወገብ ላይ ያርፋል። ጉልበት አጥፋችሁ፣ ቆጥራችሁ እኩል ሳቡ።

ሌላ መልስ፦ ብብት ይዞ መጎተት ይቅር! ስትሮክ የመታው ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል። አስታማሚም ሳይነገረው ከያዘ ቀድሞ ይስባል፣ ታካሚው ይጣመማል።

ጠያቂዋ፦ ወደ ዊልቸርስ?

መልስ፦ ወንበሩ በደህናው ጎን፣ ፍሬኑ ተቆልፎ፣ የእግር መርገጫው ተነስቶ።