በዙም ሳስተምር የጋራ ሰሌዳው ለተማሪዎቼ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ማታ ማታ ፊዚክስ በዙም አስከልሳለሁ። የሚገቡት ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከመርሳ ነው፤ ሁሉም በስልክ። እኔ ላፕቶፕ ላይ በኤክስካሊድሮው (በብሮውዘር የሚከፈት ነፃ የጋራ መጻፊያ ሰሌዳ ነው) እጽፋለሁ፣ ሊንኩን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለቅላቸዋለሁ። ግማሾቹ «ነጭ ብቻ ነው የሚታየን» ይላሉ። የገባላቸው ደግሞ እየነካኩ የጻፍኩትን ያንቀሳቅሱታል፣ ያጠፉታል። በማውዝ ቀመር መጻፉም አልሆነልኝም። ገንዘብ የማያስወጣ መላ ካላችሁ ብትነግሩኝ።

ቦርከና
አብሽሪ መምህርት፣ ሰሌዳው አልተበላሸም። ኤክስካሊድሮው ዳርቻ የለውም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያየው እሱ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። አንቺ ወደ ቀኝ እየገፋሽ ስትጽፊ ተማሪው ባዶው ጋ ቀርቷል። «ስክሮል ባክ ቱ ኮንቴንት» የሚል ቁልፍ ይመጣለታል፣ እሱን ይንካ። በላፕቶፕ ከሆነ ሺፍትንና 1ን አብሮ መጫን የተጻፈውን ሁሉ ስክሪኑ ውስጥ ያስገባዋል።

እንዲያም ሆኖ ካልታየ ሊንኩን ጠርጥሪ። «ሩም» ከሚለው ቀጥሎ በኮማ የተለዩ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ከኮማው በኋላ ያለው የሰሌዳው መክፈቻ ቁልፍ ነው። እሱ ከተቆረጠ ወይም በእጅ ሲገለበጥ አንድ ፊደል ከተሳተ ሰሌዳው አይከፈትም። ሙሉውን ኮፒ አድርገሽ ለብቻው በአንድ መልእክት ላኪው።

ጦሳ ሥር
ምክንያቱ ልክ ነው፤ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። በስልክ የሚማር ልጅ ከዙም ወደ ክሮም እየተመላለሰ ትምህርት አይከታተልም። ሊንኩን ጨርሶ አትስጫቸው። ሰሌዳውን ላፕቶፕሽ ላይ ክፈቺና ያንን መስኮት ብቻ ስክሪን ሼር አድርጊ። አንቺ የምታዪውን ያያሉ፣ ነክቶ የሚያጠፋም አይኖርም። ሼር እያደረግሽ «ሞር» ውስጥ ገብተሽ የተሳታፊዎችን አኖቴሽን ዝጊው፤ አለዚያ በዙሙ ብዕር ይሞነጫጭሩበታል።

ለዳታም ይኸው ይሻላል። ዙም ባወጣው መጠን ስክሪን ሼር ብቻውን በሴኮንድ ከ50 እስከ 75 ኪሎቢት፣ ድምፅ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይፈልጋል። ሁለቱ ተደምረው ለ40 ደቂቃ ከ33 እስከ 47 ሜጋባይት ገደማ ነው። የሰው ፊት በጥሩ ጥራት ሲተላለፍ ግን በሴኮንድ 600 ኪሎቢት ነው፤ ለዚያው 40 ደቂቃ 180 ሜጋባይት። በፓኬጅ ለሚገባ ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም፣ ያንቺም ካሜራ ይዘጋ።

ጽሑፉ ስልክ ላይ እንዲነበብ ብሮውዘሩን በኤፍ 11 ሙሉ ስክሪን አድርጊው፣ መስመሩን ወፍራሙን ምረጪ፣ በአንድ እይታ ከአምስት ስድስት መስመር አትለፊ። እነሱም ስልካቸውን ያጋድሙ።

ሐይቅ ዳር
ለማውዙ፦ የገዛ ስልክሽን ብዕር አድርጊው። ላፕቶፑ ላይ «ላይቭ ኮላቦሬሽን» ጀምሪና ሊንኩን ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ለራስሽ ላኪ፤ ከዚያ ስልክሽ ላይ በክሮም ክፈቺው። በጣትሽ ስልኩ ላይ የጻፍሽው ላፕቶፑ ላይ ይወጣል፣ ተማሪዎቹም የላፕቶፑን ያያሉ። ጣት ወፍራም ስለሆነ ስልኩ ላይ በደንብ አጉልተሽ ጻፊ፤ ስልኩን ስታጎዪ የላፕቶፑ እይታ አይለወጥም። ስልኩን ዙም ውስጥ አታስገቢው። ከላፕቶፑ አጠገብ ሁለተኛ ማይክና ስፒከር ሲከፈት ድምፁ እየተመላለሰ ይጮኻል።

ቀድመሽ ያዘጋጀሽውን ጥያቄና ሥዕል በቀኝ ክሊክ «ሎክ» አድርጊው፣ በስህተት አይንቀሳቀስብሽም።

ሰኞ ገበያ
የዙሙ የራሱ ዋይትቦርድም አለ፤ በነፃው አካውንት ሦስት ሰሌዳ ድረስ ይፈቅዳል። ጃምቦርድን የሚመክር የቆየ ቪዲዮ ካጋጠማችሁ ግን ዝለሉት፣ ጉግል በፈረንጆቹ 2024 ማብቂያ ላይ ዘግቶታል።

ጠያቂ (ደሴ)
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ተማሪ ወጥቶ እንዲሠራ ስፈልግስ? መብራት ሲጠፋስ?

ጦሳ ሥር
ለዚያ ልጅ ብቻ ሊንኩን በግል ላኪለት። ሲጨርስ «ስቶፕ ሴሽን» ብለሽ እንደገና ጀምሪ፣ አዲስ ሊንክ ይወጣል። ያኔ ለስልክሽም አዲሱን ላኪ፤ አሮጌው ላይ ከቀረ የምትጽፊው ላፕቶፑ ላይ አይመጣም።

ቦርከና
መብራት ሲጠፋ የሚሞተው ዋይፋዩ ነው፤ ላፕቶፑ ባትሪ ካለው ከስልክሽ ሆትስፖት ስጪው። ዙም ቢቋረጥም ሆነ ነፃው 40 ደቂቃ ቢያልቅ የጻፍሽው አይጠፋም፣ ሰሌዳው ከዙም ውጭ ነውና። የሚቀመጠው ግን ብሮውዘሩ ውስጥ ስለሆነ ዳታውን ካጸዳሽ አብሮ ይሄዳል። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ሴቭ አድርጊ። ለተማሪዎቹ ሰሌዳውን በፒኤንጂ (በሥዕል ፋይል) አውጥተሽ ስትልኪ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ፎቶ ሲሆን ስለሚጨመቅ ትንንሾቹ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ።