ለድንኳን አዳርም መብራት ሲሄድም የሚሆን የባትሪ ፋኖስ የቱን ልግዛ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። ከጓደኞቼ ጋር በጣና ሐይቅ ዘጌ ተሻግረን ድንኳን ተክለን ልናድር አስበናል። ቤት ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር በስልክ መብራት መንከላወስ ሰልችቶናል። ስልኩም ያልቃል፣ ሻማ እንዳላበራ ደግሞ ትንንሽ ልጆች አሉ። አንድ ፋኖስ ገዝቼ ለሁለቱም ልገላገል ብዬ ገበያ ወጣሁና ግራ ገባኝ። አንዱ ክዳኑ ላይ ሶላር ያለው፣ ወደ ላይ ሲስቡት የሚበራ፣ ካርቶኑ ላይ ትልልቅ ቁጥር የተደረደረበት አሳየኝ። ሌላው ትልልቁን ድንጋይ የሚበላ ነው። ዋጋቸው ሰማይና ምድር። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትይዛላችሁ?

ሶልደር፦
ካርቶኑን እርሳው ወንድሜ። እኔ ጥገና ላይ ነኝ፣ እነዚህን ስከፍት ነው የምውለው። ቻርጅ በሚደረጉት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኘው 18650 የሚባለውን ሊቲየም ባትሪ ነው፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65። የአንዱ ደህና አቅም ከ2000 እስከ 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ቢሆን ነው። አንድ ፍሬ ይዞ 9900 ከተጻፈበት እየተሸወድክ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 3000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 11 ዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል፤ ባትሪው የሚይዘው ጠቅላላ ኃይል ማለት ነው። ደህና ኤልኢዲ አምፖል በአንድ ዋት 100 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ይሰጣል። እንግዲህ 200 ሉመን ላይ ብታበራው 2 ዋት ይበላል፣ አምስት ሰዓት አካባቢ ይቆይልሃል ማለት ነው። «1000 ሉመን፣ 50 ሰዓት» ብለው ሲጽፉልህ ሁለቱ አብረው አይሆኑም። ሺው የመጨረሻው ድምቀት ላይ ነው፣ ሃምሳው ሰዓት ደግሞ ፊትህን እንኳ በደንብ በማታይበት ድብዝዝ ላይ።

ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ከታች ያሉትን ብሎኖች ያስፈታህ። ባትሪው ወጥቶ የሚቀየር ከሆነ ያዘው። አንዳንዱ ከበድ ሲልህ ደህና ዕቃ ይመስልሃል፣ ውስጡ ግን እርሳስና አሲድ ያለበት ባለ 4 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ባዶውን ከከረመ አይነሳም። ቻርጅ ማድረጊያው ታይፕ ሲ ቢሆን ደግሞ ከስልክህ ጋር አንድ ገመድ ይበቃሃል።

የቡና ጫካ፦
ሶልደር ስለ ባትሪው ጨርሶታል። እኔ ስለ አዳሩ ልበል። ድንኳን ውስጥ 1000 ሉመን ምን ይሠራል? ዓይን ማጥፋት ነው። ከ100 እስከ 200 ከበቂ በላይ ነው፣ ዋናው ዝቅ ከፍ መደረጉና ከላይ ማንጠልጠያ መኖሩ ነው። ብርሃኑ ደግሞ ቢጫ ይሁን፣ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሚል። ሐይቁ ዳር ነጩን መብራት አብርተህ ራት ለመብላት ሞክርና ታየዋለህ፤ በራሪው ሁሉ ወጡ ውስጥ ነው የሚገባው። ቢጫው ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የወባ ትንኝ ግን መብራቱን ሳይሆን ትንፋሽህንና ጠረንህን ፈልጋ ነው የምትመጣው፣ ስለዚህ አጎበር አይቀርም።

ዝናብ ካለ አይፒኤክስ 4 (ውሃ የመቋቋም ደረጃ ነው) የሚል ይኑርበት፤ ፍንጣቂ ይችላል። ከታንኳ ላይ ውሃ ውስጥ የመውደቅ ነገር ካሰጋህ አይፒኤክስ 7 ነው፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ግማሽ ሰዓት የሚችለው።

ደግሞ አደራ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ አትትከሉ። ጉማሬ ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ከውሃው የሚወጣ የተረገጠ መንገድ ካያችሁ ዞር በሉለት፣ ፋኖስ አያስቆመውም። ዘጌ የገዳማት አገር ስለሆነም የት ማደር እንደሚቻል መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

የልጆች እናት፦
ድንጋይ የሚበላውን ለምን ዘለላችሁት? ለቤት እኮ እሱ ነው የሚያዋጣው። መብራት ሄዶ ከዋለ ካደረ ቻርጁን ከየት ታመጣለህ? ድንጋይ ማንኛውም ሱቅ አለ። እኔ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ በጨለማ እጄ በቀጥታ ያገኘዋል። ድንጋዩን ግን ውስጡ አላስቀምጥም፣ ጎኑ ላይ በፕላስቲክ አስሬ ነው። ውስጡ ከከረመ ያፈስና ብረቱን ነጭ ነገር ያለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ፋኖሱ አለቀለት።

ሶልደር፦
እውነትሽን ነው እህቴ፣ ለቤት አልከራከርም። ብቻ ርካሹ ድንጋይ ደማቅ መብራት ላይ ቶሎ ይደክማል፣ አልካላይን የሚለውን ግዙ። እሱ ተቀምጦም ለዓመታት ኃይሉን ይይዛል። ጣና ዳር፣ እኔ ብሆን አንድ ውድ ፋኖስ ከምገዛ ሁለት መካከለኛ ነው የምይዘው፤ ድንጋይ የሚበላው ቤት ይሰቀል፣ ሊቲየሙ ከአንተ ጋር ይዙር።

ጣና ዳር፦
ተባረኩ። ሁለት ማለቱ ሳይሻል አይቀርም። ክዳኑ ላይ ያለው ሶላርስ? ሻጩ «ዘላለም ቻርጅ አትፈልግም» ብሎኛል።

ሶልደር፦
ሃሃ፣ ዘላለም! መዳፍ የማታህል ሶላር ግማሽ ዋት ሰጠች እንበል። 11 ዋት ሰዓት ለመሙላት ከ22 ሰዓት በላይ ደህና ፀሐይ ትፈልጋለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ያንን ፀሐይ ከየት ታመጣለህ? ዘጌ ደግሞ የቡናው ጫካ ጥላ ነው። ካልቀረ በገመድ የሚገናኝ፣ ለብቻው የሆነ 5 ዋት ፓኔል ያለው ፈልግ። ቬራሶል የሚባል የጥራት ማረጋገጫ ያለው ካገኘህ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን ትችላለህ። ፓኔሉ ብቻ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ፋኖሱ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሊቲየም ሙቀት አይወድም። ሳትጠቀምበት የምታቆየው ከሆነም ግማሽ ያህል ሞልተህ አስቀምጠው፣ በየሁለት ሦስት ወሩ እያየህ።