የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠራተኞች ለታካሚ ደኅንነት ያላቸው ትኩረት እንዳይላላ ምን እናድርግ?

ጠያቂ (ነርስ)፦ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ስለ ታካሚ ደኅንነት ሥልጠና ወስደን የማረጋገጫ ቅጽ በየአልጋው ሰቅለን ነበር፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ቅጹ ተረኛው ሊወጣ ሲል በጥድፊያ የሚሞላው ወረቀት ሆኖ ቀረ። በቅርቡ አንዲት ባልደረባዬ አንቲባዮቲክ ልትበርዝ የመርፌ ውሃ መስሏት ያነሣችው አምፑል (የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ) ፖታሲየም ክሎራይድ ነበር። ሁለቱ በአንድ መሳቢያ ይቀመጡ ነበርና፣ ታካሚው የተረፈው ጽሑፉን ደግማ በማንበቧ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ በማግሥቱ ጉዳዩን ያነሣ ሰው አለመኖሩ ነው። ቡድኑን ሳታስፈሩና ሳታሰለቹ ትኩረቱን ያቆያችሁት እንዴት ነው?

መልስ (የሰመመን ሐኪም)፦ ከመሳቢያው ይጀምሩ። ያልተበረዘ ፖታሲየም በቀጥታ ወደ ደም ሥር ከገባ ልብን ያቆማል፤ ስለዚህ ከአልጋ አጠገብ ተነሥቶ በፋርማሲ ወይም በተቆለፈና ጉልህ ምልክት ባለው ቦታ ይቀመጥ። ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ያደረችን ነርስ «ተጠንቀቂ» ማለት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ቅጹም ቢሆን ለብቻ የሚሞላ ከሆነ መሞቱ አይቀርም፤ በጠዋቱ ራውንድ፣ ሁሉም አልጋው ዘንድ ቆሞ ሳለ፣ ነርሷ ጮክ ብላ ታንብበው፤ ሐኪሙም ይመልስ።

መልስ (የጽኑ ሕክምና ስፔሻሊስት)፦ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት ለጥያቄዎ የቀረበ ይመስለኛል። ሐኪሙ ፒተር ፕሮኖቮስትና ባልደረቦቹ 103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ባካተተው በዚህ ሥራ ያስተማሩት አምስት ቀላል ነገሮችን ነው፦ እጅን መታጠብ፣ ካቴተር (በትልቅ ደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሲገባ ታካሚውን በንጹሕ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ መሸፈንና ጓንት፣ ጋውንና ጭምብል መልበስ፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ መድኃኒት) ማጽዳት፣ ከተቻለ ካቴተሩን በብሽሽት ደም ሥር አለማስገባት፣ የማያስፈልግን ካቴተር ማውጣት። በካቴተር ምክንያት የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን ለ1,000 የካቴተር ቀናት (አንድ ታካሚ ካቴተር ይዞ የሚውልበት እያንዳንዱ ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር) በአማካይ ከነበረበት 7.7 በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 1.4 ወረደ። እነዚህን አምስቱን የማያውቅ ሐኪም አልነበረም፤ ለውጡን ያመጡት በዙሪያቸው የተደረጉት ነገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ዕቃው ሁሉ በአንድ ጋሪ ተሰናድቶ ይቀርብ ነበር፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ደንቡ ሲጣስ ሥራው እንዲቆም ይደረግ ነበር፤ የኢንፌክሽኑም ቁጥር በየጊዜው ለቡድኑ ተመልሶ ይነገር ነበር።

ጠያቂ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እኛ ዘንድ አንዲት ጀማሪ ነርስ አንጋፋ ስፔሻሊስትን «ያቁሙ» ለማለት እንዴት ትደፍራለች?

መልስ (የክፍል ኃላፊ ነርስ)፦ ብቻዋን አትደፍርም፤ ልንጠብቅባትም አይገባም። እኛ ዘንድ የክፍሉ ኃላፊ ሐኪም በሁሉም ፊት «እኔንም ጭምር አስቁሙኝ» ካሉና አንድ ቀን በእርግጥ ቆመው እጃቸውን እንደገና ከታጠቡ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። ለጥቂት የተረፉ ስሕተቶችን ደግሞ በጠዋቱ ርክክብ፣ የሰው ስም ሳይነሣ፣ አምስት ደቂቃ ሰጥተን እንነጋገርባቸዋለን። የባልደረባዎ አምፑል በማግሥቱ እንዲህ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ መሳቢያው በዚያው ቀን ይለይ ነበር።