ከአሜሪካ የመጣ የሳሎን መብራት 120 ቮልት ይላል፣ የኛ ቤት ላይ ይሰራል?

የባሶናው፦
ሰላም ቤተሰቦች፣ እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ የሳሎን መብራት ይዛልኝ መጣች፣ ባለ አምስት አምፖል ሻንደሊየር ነው፣ እንዴት እንደሚያምር አልነግራችሁም። ችግሩ ኮርኒሱ ጋ በሚገጠመው ቆብ ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት 120 ቮልት 60 ኸርዝ፣ አምፖሉ ከ60 ዋት አይለፍ ይላል፣ የኛ ደግሞ 220 ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን አንዱ ኤሌክትሪሻን «ባበራኸው ቅፅበት አለቀለት» አለኝ፣ ሌላው ምንም አይልም ብሎ መሰላል ተሸክሞ መጣ፣ እኔው ነኝ ቆይ ያልኩት። ማንን ልስማ?

መንዜው፦
ትራንስፎርመር ግዛና ተገላገል። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ አዲስ አበባ ሞልቷል፣ የአሜሪካ ብሌንደር ያለው ሁሉ የሚጠቀመው እሱን ነው

ሽቦና ፒንሳ፦
አረ ተው መንዜው፣ ለአምስት አምፖል ብሎ ትራንስፎርመር ኮርኒስ ውስጥ ሊቀብር ነው እንዴ፣ ሲግል ውሎ ሲግል ሊያድር።
የባሶናው አንድ ነገር እይልኝ፣ አምፖሉ እየተፈታ የሚወጣ ነው ወይስ ኤልኢዲው ከውስጡ ተገጥሞ የመጣ? ተገጥሞ የመጣ ከሆነ ድራይቨሩ ላይ (ለኤልኢዲው ኃይል የሚመጥንለት ትንሹ ሳጥን) ያለውን አንብብ፣ ኢንፑት (የሚገባው ቮልት) 100-240 ካለ በቀጥታ ይታሰራል፣ 120 ብቻ ካለ እንዳትነካው፣ የሚያወጣው ቮልትና ሚሊአምፒር እኩል በሆነ የ220 ድራይቨር መቀየር ነው። የሚፈታ ከሆነ ግን ቮልት የሚመርጠው በዋናነት አምፖሉ ነው። የ120ውን የድሮ አምፖል 220 ላይ ብትሰካው ከሶስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፣ ቦግ ብሎ ይሞታል፤ እሱን አውጥተህ የኛን 220 ካስገባህ ግን ሽቦውን እንደውም ቀለል ነው የሚለው፣ አምስቱ ባለ 60 ተደምረው 300 ዋት፣ በ120 ሲሆን 2.5 አምፒር ነው በ220 1.4 ገደማ። ኸርዙ ለአምፖል ጉዳይ አይደለም። ዲመር (ብርሃን የሚቀንስና የሚጨምር) ወይም በእጅ ሲነካ የሚበራ ነገር ካለው እሱ የ120 ዕቃ ነው፣ ይውጣ።

የባሶናው፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የሚፈታ ነው። ግን አምፖሉ እንደ ጧፍ ቀጭን ነው፣ ከሱቅ ያመጣሁት ቀጭን አምፖል ደግሞ እምቢ አለ አይገባም

ሽቦና ፒንሳ፦
በለው! ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካኖቹ ቀጭን ኢ12 ነው (ቁጥሩ የአምፖሉ ጥርስ ውፍረት በሚሊሜትር ነው)፣ እኛ ጋ የሚሸጠው ኢ14፣ የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት አለው። ወፍራሙ ቢሆን ኖሮ የነሱ ኢ26 ስለሆነ የኛ ኢ27 አብዛኛውን ጊዜ ይገባለታል። ደግሞ የኢ12 መያዣ ጎኑ ላይ ብዙ ጊዜ 125 ቮልት ብቻ ነው የሚለው ስለዚህ አዳፕተር ምናምን ሳትል አምስቱንም መያዣ ወደ ኢ14 አስቀይር፣ ያ ነጩ የሻማ ቱቦ ወደ ላይ ሲሳብ ይወጣል ከስሩ ታገኘዋለህ። ሽቦው ላይም 300 ቮልት የሚል መታተሙን እይ።
ሲታሰር ደግሞ ቀለም አይታመን፣ የአሜሪካ ጥቁሩ ፌዝ ነው (የሚይዘው ሽቦ)፣ ነጩ ኒውትራል (መመለሻው)፣ እኛ ጋ የድሮ ቤት ላይ ጥቁሩ ኒውትራል ሆኖ ታገኘዋለህ። በቴስተር ይታይ፣ ፌዙ አምፖሉ ቂጥ ወደሚነካው መሃል ይሂድ፣ ጥርሱ ኒውትራል ይሁን፣ አለዚያ አምፖል ስትፈታ ይይዝሃል። አረንጓዴው ወይም ልጡ መዳብ ኤርዝ ነው፣ ብረት ስለሆነ ተቆርጦ እንዳይቀር

የመሃል ሜዳ ልጅ፦
ጋሼ እኛ ጋ ማታ ማታ 220 መች ይደርሳል፣ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ይርገበገባል፣ ለኛስ ምን ይሻላል

ሽቦና ፒንሳ፦
ኤልኢዲ ስትገዛ ካርቶኑን ገልብጠህ አንብብ፣ 85-265 የሚለው ቮልት ቢወርድም ይችለዋል፣ 220-240 ብቻ የሚለው ነው ብዙ ጊዜ የሚርገበገበው። ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ ስበህ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሽቦውን አወፍረው።