ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ለ4 ዓመት ልጅ ይሰጣል?

ጥያቄ (እናት፣ ኮምቦልቻ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የ4 ዓመት ልጄ ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ለባለቤቴ ታዞለት የነበረ የሳል ሽሮፕ ተርፎ ቤት ተቀምጧል፤ ብልቃጡ ላይ «ኮዴይን» ይላል። አማቴ «ትንሽ ስጭው፣ ይተኛልሻል» አሉኝ። ትናንት ቡና ላይ ሳነሳው አንዷ ጎረቤቴ «የሞርፊን ዘር ነው» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ኮካም ድሮ ኮኬይን ነበረበት፣ ጠጥተን ምን ሆንን?» አለች። ልስጠው ወይስ ይቅር?

መልስ (ፋርማሲስት፣ ደሴ)፦
እህቴ፣ እንዳትሰጭው። ጎረቤትሽ ልክ ናት። ጉበት ከኮዴይኑ ከፊሉን ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። የሚያስተኛውም፣ ትንፋሽ የሚያዘገየውም እሱ ነው። ይህ የሚሆንበት ፍጥነት ከሰው ሰው ይለያያል፤ በጣም የሚፈጥንባቸው ሰዎች ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን በብዙ እጥፍ ይበዛሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ለሌላው ልክ በሆነ መጠን እንኳ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ልጅሽ ከየትኛው እንደሆነ ደግሞ አይቶ የሚያውቅ የለም። አሜሪካኖች በ2017 እ.ኤ.አ. ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። የምታጠቢ ከሆነ አንቺም አትውሰጅው፣ በጡት ወተት ያልፋል።

መልስ (መምህር፣ ወልድያ)፦
የኮካው ነገር እውነት ነው። በ1886 አትላንታ ውስጥ ፔምበርተን የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ሲሠራው የኮካ ቅጠል ነበረበት። ኮኬይኑ የወጣው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያሁኑን የሚያነቃቃው ካፌይን ነው፣ ቡናችን ውስጥ ያለው ያው። ሰቨን አፕም እስከ 1948 ድረስ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም ነበረበት። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)
ግን «ምን ሆንን?» የሚለው አያስኬድም። የሆኑ አሉ! አሜሪካ ውስጥ «የወይዘሮ ዊንስሎ ማስታገሻ ሽሮፕ» የሚባል ጥርስ ለሚያወጡ ሕፃናት ይሸጥ ነበር። ውስጡ ሞርፊን ነው። እናቶች ልጃቸው ዝም ሲል ደስ አላቸው፤ ብዙ ሕፃናት በዚያው አልነቁም። ባየር ደግሞ ከ1898 ጀምሮ ሄሮይንን የሳል መድኃኒት ብሎ ሸጧል። በአሜሪካ እስከ 1906ቱ ሕግ ድረስ ብልቃጡ ላይ ምን እንዳለ መጻፍ ግዴታ አልነበረም። እነዚያ እናቶች የሚያነቡት አልነበራቸውም። ያንቺ ላይ ግን ተጽፏል።

መልስ (የቀድሞ የአብነት ተማሪ፣ ቦረና)፦
እኛም አገር አለ እኮ። የቆሎ ተማሪ ሳለን ትምህርት ይገልጣል ተብሎ አብሾ የሚጠጡ ነበሩ። አጤ ፋሪስ ከሚባል ተክል የሚዘጋጅ ነው። የጠጣው ልጅ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ የሌለ ሰው እያየ ያወራል። አንዱን ይዘን ያደርንባት ሌሊት አትረሳኝም። ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም የሚላችሁን አትስሙ።

መልስ (እትዬ፣ ሐይቅ)፦
አብሽሪ ልጄ። ሞቅ ያለ ውሃ በማር ስጭው፣ ደረቱን ሸፈን አድርጊ። አማትሽንም አትቀየሚያቸው፣ ለልጁ አዝነው ነው።

መልስ (ፋርማሲስት፣ ደሴ)፦
እትዬ ያሉት ማር ጥሩ ነው። ማታ ግማሽ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ። ለአማቴ አነበብኩላቸው፣ «ውሰጅና መልሽ» አሉኝ። ሽሮፑን የት ላድርሰው? ሳሉስ የከፋ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ (ፋርማሲስት፣ ደሴ)፦
አቅራቢያሽ ያለ ፋርማሲ ስጫቸው፣ እነሱ ያስወግዱታል። እስከዚያ የልጅ እጅ የማይደርስበት ይሁን። ለሳሉ፣ ልጁ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ እያለ ልብሱን ገለጥ አድርገሽ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም አልጠጣም ካለ፣ ሳታሳድሪ ጤና ጣቢያ። እና አደራ፣ ምናልባት ሳታይ ሰው ቀድሞ ሽሮፑን ሰጥቶት ከሆነ፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ቡና ወተት ሳትሉ ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ማርከሻ መድኃኒት አለው።