የአሜሪካ ሬዲዮ ልደት የማን ነው? ፒትስበርግ ወይስ ዲትሮይት?

አንቴና፦ አንድ አቅራቢ ሰሞኑን «የአሜሪካ ሬዲዮ ኖቬምበር 2 ቀን 1920 ፒትስበርግ ውስጥ ተወለደ» ብሎ ሲደመድም ሰምቼ ተናድጃለሁ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) 8ኤምኬ፣ የዲትሮይት ኒውስ ጋዜጣ ጣቢያ፣ ኦገስት 20 ሙከራ ጀምሮ ኦገስት 31 የቅድመ ምርጫ ውጤት በአየር ላይ አውሏል። የፒትስበርጉ ጣቢያ ኬዲኬኤ የመጣው ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። ታዲያ በ2020 መቶኛ ዓመቱን ለፒትስበርግ ብቻ የሰጠው ማነው?

የሞገድ ልጅ፦ ሁለቱ አይወዳደሩም። የዲትሮይቱ በአማተር (ለግል ሞካሪዎች በሚሰጥ) ፈቃድ የሚሠራ የ20 ዋት ዕቃ ነው፤ ፈቃዱም በጋዜጣው ስም አልነበረም። የኬዲኬኤ ባለቤት፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቹ ዌስቲንግሀውስ ግን ኦክቶበር 27 የንግድ ፈቃዱን ይዞ፣ ኢስት ፒትስበርግ ፋብሪካው ጣሪያ ላይ 100 ዋት አስተላላፊ ተከለ። የፕሬዝዳንት ዕጩዎቹ የሃርዲንግና የኮክስ የምርጫ ውጤት ከፒትስበርግ ፖስት ጋዜጣ በስልክ እየመጣ ሊዮ ሮዘንበርግ አነበበው። ፈቃድ ያለው የመጀመሪያው ጣቢያ ኬዲኬኤ ነው። አለቀ!

አንቴና፦ አላለቀም። የምን ፈቃድ? ያ ወረቀት ከመርከብ ጋር ለሚነጋገሩ የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ ኬዲኬኤ የሚለው መጠሪያም የወጣው ከዚያው ተራ ነው። ለሕዝብ ስርጭት የተለየ የፈቃድ ምድብ በ1920 ጨርሶ አልነበረም። የንግድ መሥሪያ ቤቱ ደንብ የጸናው ዲሴምበር 1 ቀን 1921 ነው፤ መዝናኛ በ360 ሜትር፣ የአየር ጠባይ በ485 ሜትር። «ፈቃድ» መለኪያ ከሆነ የአንተም ጣቢያ ይወድቃል።

የሞገድ ልጅ፦ የንግድ ፈቃድ የንግድ ፈቃድ ነው። አማተር ግን አማተር ነው።

ሳንሆዜ፦ ሁለታችሁም ቻርልስ ሄሮልድን ዘላችሁታል፤ ይህ ያሳዝናል። ሰውየው ሳን ሆዜ ላይ ድምፅ ማሰራጨት የጀመረው በ1909 ነው! አስተላላፊው በአርክ (በሁለት ዘንጎች መካከል በሚነድ የኤሌክትሪክ ቅስት) የሚሠራ ስለነበር የአንቴናው የኤሌክትሪክ ጅረት በማይክሮፎኑ ውስጥ ያልፋል። የካርቦን ማይክሮፎን ያን ሁሉ ጅረት አይችልም፣ ይግላል፤ ስለዚህ ብዙ ማይክሮፎን ደርድሮ በውሃ ያቀዘቅዘው ነበር። ዛሬ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ኬሲቢኤስ የእሱ ዘር ነው።

የሞገድ ልጅ፦ በ1917 ተዘግቶ በ1921 ኬኪውደብሊው በሚል መጠሪያ የተመለሰ ጣቢያ ያለማቋረጥ ሠርቷል አይባልም።

ሳንሆዜ፦ በ1917 አሜሪካ ጦርነት ስትገባ መንግሥት የሁሉንም አማተሮች ጣቢያ ነው የዘጋው! የዌስቲንግሀውሱ መሐንዲስ የፍራንክ ኮንራድ ጣቢያም ተዘግቷል። ሄሮልድን ወደ ኋላ ያስቀረው ሌላ ነገር ነው፤ አርክ በአጭር የሞገድ ርዝመት ላይ አይረጋም፣ ከጦርነቱ በኋላ የተመደበው ደግሞ አጭሩ ነው። አስተላላፊውን በቫኪዩም ቱዩብ (አየር በወጣለት የመስታወት ቱቦ) እንደ አዲስ መሥራት ግድ ሆነበት።

ቆየት ያለ፦ የፈልሳፊው ፌሰንደን የ1906 የገና ዋዜማ የድምፅ ስርጭትስ?

አንቴና፦ እባክህ እሱን እዚህ አታምጣው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ብራንት ሮክ ላይ ዲሴምበር 21 ለባለሙያዎች ያሳየው ሙከራ በዘመኑ ተጽፏል። የገና ዋዜማው ግን የቆመው ራሱ በ1932 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነው። ከ25 ዓመት በኋላ በተጻፈ ደብዳቤ ልደት አይከበርም።

ቆየት ያለ፦ ድምፅን በማያቋርጥ ሞገድ ላይ የጫነ ሰው እንዲህ በአንድ አረፍተ ነገር አይጣልም።

የሞገድ ልጅ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ኮንራድ ዊልኪንስበርግ ጋራዡ ውስጥ 8ኤክስኬ በተባለ የራሱ ጣቢያ ሙዚቃ ሲያሰራጭ፣ ሆርን የተባለው ትልቅ ሱቅ ሴፕቴምበር 29 መቀበያ ከ10 ዶላር ጀምሮ እንደሚሸጥ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ዌስቲንግሀውስ ያኔ ነቃ፤ ሰው መቀበያ እንዲገዛ በየምሽቱ የሚሰማው ነገር ሊኖር ይገባል። ኢንዱስትሪው የተወለደው ከዚህ ስሌት ነው። ዲትሮይት ይህን አላሰበም።

አንቴና፦ እንግዲያው ልደቱ ሴፕቴምበር 29 ይሁን፤ ወይም የኮንራድ ጋራዥ! ኖቬምበር 2ን የመረጠው ፋብሪካው ነው። በዚያ ምሽት ኮንራድ ራሱ ኢስት ፒትስበርግ አልነበረም፤ አስተላላፊው ቢበላሽ እንዲተካ ዊልኪንስበርግ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። 8ኤምኬም ያን ምሽት ያንኑ የሃርዲንግ ውጤት ለዲትሮይት አሰራጭቷል። አንድ ምሽት፣ አንድ ውጤት፣ ሁለት ጣቢያ፤ አንዱ ግን ለሁለት ወር ሲሠራ ቆይቷል።

የሞገድ ልጅ፦ በ20 ዋት፣ በአማተር ፈቃድ።

አንቴና፦ ዋትን አሁን ነው ያመጣኸው። መጀመሪያ የመርከቡን ፈቃድ መልስልኝ።