ያገለገለ ሬጉሌተር ልገዛ ነው፤ ሻጩ ፊት ምን ምን ልፈትሽ?

የሻርጃዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሻርጃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፉጀይራ እየሄድኩ እጠልቃለሁ። አድቫንስድ ኮርሱን ከጨረስኩ ወዲህ በኪራይ ዕቃ መጥለቅ ሰልችቶኛል። አንዱ ሳምንት የሚሰጡኝ ሬጉሌተር (የታንኩን አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው ዕቃ) ያለ ምንም ችግር አየር ይሰጠኛል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚደርሰኝ ደግሞ በጠባብ ስትሮ እንደመተንፈስ ነው። የራሴ የሆነ፣ ጠባዩን የማውቀው ዕቃ እፈልጋለሁ።

ዱቢዝል የሚባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ አንድ ሰው ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ስለሆነ ዕቃውን እየሸጠ ነው። አፔክስ ዲኤስ4 ፈርስት ስቴጅ (ታንኩ ላይ የሚገጠመው)፣ ኤክስቲኤክስ40 ሰከንድ ስቴጅ (አፍ ውስጥ የሚገባው)፣ ቢጫ ኦክቶፐስ (መጠባበቂያው ሰከንድ ስቴጅ)፣ የግፊት ጌጅ፣ ከነቦርሳው 900 ድርሃም ይላል። "ከሁለት ዓመት በፊት ሰርቪስ ተደርጓል፤ ከዚያ ወዲህ ውኃ አልነካውም" ብሎኛል። ደረሰኝ ግን የለውም። ፎቶው ላይ ደግሞ ቱቦው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አረንጓዴ ነገር ይታየኛል።

ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ ዋጋውን ማወዳደር አያቅተኝም። የዕቃውን ውስጥ ግን አላውቀውም። 25 ሜትር ላይ የምተነፍስበት ነገር ስለሆነ በግምት መግዛት አልፈልግም። ሐሙስ ማታ ልናይ ተቀጣጥረናል። ምን ይዤ ልሂድ? ምን ካየሁ ነው ትቼው መምጣት ያለብኝ?

ሰማያዊው ጥልቀት

እህቴ፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ያገለገለ ፊን (የእግር መቅዘፊያ) ግዢ፣ ያገለገለ ቢሲም (በአየር የሚነፋው ጃኬት) ግዢ። ሬጉሌተር ግን አዲስ ይሁን። የብዙዎቹ አምራቾች ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው፤ አንቺ ጋ ሲደርስ የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት ተሳፍሮ ይሄዳል። አንድ ነገር ቢፈጠር ማንን ትጠይቂያለሽ? ትንሽ ታግሰሽ ገንዘብ ብትጨምሪበት ይሻላል።

ባለ ወርክሾፑ

ሰላም እህቴ። ፉጀይራ የጠለቃ ዕቃ የሚጠገንበት ወርክሾፕ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሬጉሌተር ስፈታና ስገጥም ነው የምውለው። የወንድማችን ስጋት ይገባኛል፤ "ማንን ትጠይቂያለሽ" ያለው ትክክል ነው። ያገለገለ አትግዢ በሚለው ግን አልስማማም።

የፈርስት ስቴጅ አካል በክሮም የተለበጠ ናስ ነው። ናሱ በንጹሕ ውኃ እየታጠበ ከኖረ ሃያ ዓመትም ይሄዳል። የሚያረጀው ውስጡ ያለው ጎማና ፕላስቲክ ነው። እሱ ደግሞ በየሰርቪሱ ወጥቶ የሚጣል ነው። ስለዚህ የምትገዢው ናሱን ነው። ጎማውን፣ ኦሪንጉን (የማሸጊያ ቀለበቱን)፣ ቱቦውን ከአሁኑ እንደሌለ ቁጠሪው። ሐሙስ ማታ ማወቅ ያለብሽ ናሱ ጤነኛ መሆኑንና ቀሪውን ለማደስ ስንት እንደሚፈጅ ነው።

"ሁለት ዓመት ውኃ አልነካውም" የሚለው ብዙ ሰው ያታልላል። ሻጩ ዋሽቷል እያልኩ አይደለም፤ ቁም ነገሩ መቀመጥም ማስረጀቱ ነው። ግፊት ሳይኖር ሲቀር የፈርስት ስቴጁ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ያርፋል። የሰከንድ ስቴጁ ግን ተቃራኒ ነው። ስፕሪንጉ ትንሿን ጎማ ከአየር መውጫው አፍ ጋር ተጭኗት ይከርማል። ቆይቶ ጎማዋ ላይ ክብ ምልክት ይወጣል፤ ማፍሰስ የሚጀምረውም በዚያ ነው። በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት መኪና ውስጥ ከርሞ ከሆነ ደግሞ ቱቦውም ደርቋል። ብዙ አምራቾች በየዓመቱ ምርመራ፣ በየሁለት ዓመቱ ወይም በየ100 ጠለቃው ሙሉ ሰርቪስ ይላሉ። ቀኑ ደርሷልና ይሄን ዕቃ ሰርቪስ እንደሚያስፈልገው አድርገሽ ያዢው፤ ደረሰኝ ቢኖረውም ባይኖረውም።

አረንጓዴው ነገር ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ብቻ ከሆነ አያስደነግጥም። በደንብ ያልታጠበ ናስ ከጨው ጋር ሲቆይ የሚያወጣው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጸዳል። እኔ የምፈራው ፊልትሮው ላይ ሲሆን ነው። ፈርስት ስቴጁ ታንኩ ላይ በሚገጠምበት በኩል መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ውስጡ ትንሽ የብረት ፊልትሮ ትታያለች። የስልክሽን መብራት አብሪባት። ንጹሕ ብርማ ከሆነች ጥሩ። ቀይ ቡናማ ከሆነች ከዛገ የብረት ታንክ የመጣ ዝገት ነው። ከጠቆረች ደግሞ ከኮምፕሬሰሩ የመጣ ብናኝ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ከሆነች ግን የባሕር ውኃ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ባለቤቱ የፈርስት ስቴጁን ክዳን ሳይዘጋ አጥቦታል ወይም ነክሮታል። እንደዚህ ያለውን ፈትቼ ሳየው አንዳንዱ ላዩን ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ግን ጎማው የሚያርፍበትን የናስ ከንፈር ጨው በልቶት አገኛለሁ። እሱ በኪት (በሰርቪስ መለዋወጫ) አይድንም። ፊልትሮው አረንጓዴ ከሆነ አመስግነሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።

ዲኤስ4 ውኃ ወደ ስፕሪንጉ እንዳይገባ የታሸገ ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን የሲሊኮን ሽፋን በጣትሽ ዳሰሻት። ከተቀደደች ወይም ከኋላዋ ጠብታ ከታየሽ ሻጩን ጠይቂው።

ቀጠሮውን ቤቱ አታድርጊው፤ ታንክ ያለበት ቦታ ተገናኙ። አብዛኞቹ የጠለቃ ማዕከላት በአክብሮት ከጠየቅሻቸው ለአሥር ደቂቃ ታንክ ያውሱሻል። አይፒ ጌጅም (የመካከለኛ ግፊት መለኪያ) ካላቸው ለምኛቸው። እሱ ከሌለ ግማሹን ምርመራ አላደረግሽም።

ታንክ ሳትገጥሚ ጀምሪ። የፈርስት ስቴጁን ክዳን ግጥም አድርገሽ ዝጊና ከሰከንድ ስቴጁ በቀስታ ሳቢ። ምንም አየር መምጣት የለበትም። ከመጣ በዲያፍራሙ (አየር ስትስቢ በሚንቀሳቀሰው ስስ ጎማ)፣ በማስወጫ ጎማው ወይም በተሰነጠቀ ሽፋን በኩል እየገባ ነው። ያ ማለት ውኃ ውስጥ ከአየር ጋር ውኃም ትስቢያለሽ። ኦክቶፐሱንም እንዲሁ አድርጊ፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል።

ከዚያ ታንኩ ላይ ግጠሚው። ቫልቩን ስትከፍቺ የጌጁን መስተዋት ከፊትሽም ከሰውም አዙሪው። አይፒ ጌጁ የሚገጠመው ቢሲ የሚነፋው ቱቦ ጫፍ ላይ ነው። የሚነግርሽ በፈርስትና በሰከንድ ስቴጅ መካከል ያለውን ግፊት ነው። ለዚህ ዕቃ ከ9 እስከ 10 ባር መሃል ይሁን። ሰከንድ ስቴጁን ተጭነሽ አየር ልቀቂ፤ መርፌው ይወርዳል፣ ስትለቂው ቶሎ ተመልሶ ይቆማል። ደጋግሚው። ሁልጊዜ እዚያው ቁጥር ላይ ከቆመ ደስ ይበልሽ። አሁን እጅሽን አንሺና አምስት ደቂቃ መርፌውን ብቻ ተመልከቺ። ሻጩ ሊያጫውትሽ ይሞክራል፤ አንቺ መርፌው ላይ ሁኚ። ቀስ እያለ ወደ ላይ ከሄደ የፈርስት ስቴጁ ሲት (ቫልቩን የሚዘጋው ክፍል) አልቋል።

ይሄ ሲሆን አየሩ አይቆምብሽም። ሰከንድ ስቴጁ ከመጠን ያለፈውን ግፊት እንዲለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ሬጉሌተር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው አየር መዝጋት ሳይሆን ያለማቋረጥ መልቀቅ ነው። አፍሽ ላይ ባዶ ይሆናል ብለሽ አትስጊ። የሚያሰጋው ታንኩ ቶሎ ማለቁ ነው።

ቱቦዎቹ ጫፋቸው ላይ የጎማ መከላከያ ካላቸው ወደ ኋላ ሳቢና ሥሩን እጠፊው። ስንጥቅ የሚደበቀው እዚያ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው የጌጁን ቱቦ ነው፤ 200 ባር ስለሚይዝ። ነገር ግን የዚያ ቱቦ መግቢያ ቀዳዳ የመርፌ ያህል ስለሆነ ቢፈነዳም የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ለመውጣት ጊዜ አለሽ። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሰከንድ ስቴጁ ቱቦ ቢፈነዳ ግን ሙሉ ታንክ በሁለት ደቂቃ ገደማ ይራገፋል። በጨርቅ መሰል ነገር የተሸመነ ቱቦ ከሆነ ደግሞ ዕድሜውን ጠይቂ። የአንዳንዶቹ የውስጥ ሽፋን እየተበላሸ ክሪስታል እንደሚሠራና አየር እንደሚዘጋ ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ አስጠንቅቋል። ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ፈርስቱን፣ ሰከንዱንና ኦክቶፐሱን ሰርቪስ ማድረግ እኛ ጋ ከነኪቱ 600 ድርሃም አካባቢ ነው። ቱቦ ከተጨመረ ለብቻው ይታሰባል። በ900 ከገዛሽ 1,500 አልፈሻል። ያኔ ከአዲሱ ጋር ያለውን ልዩነት ጨምረሽ ባለ ዋስትና አዲስ ብትገዢ አያስቆጭም። ለእኔ ይሄ ዕቃ ጤነኛ ሆኖ ከ600 በላይ አያወጣም።

የኤላቱ

ባለ ወርክሾፑ ብዙውን ጨርሶታል፤ እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከመሄድሽ በፊት መለዋወጫው አንቺ ባለሽበት አገር እንደሚገኝ ደውለሽ አረጋግጪ። አፔክስ የሚያሳስብ አይደለም፤ ኪቱ በየቦታው አለ። እዚህ ግን ዳኮር የሚባለውን የቆየ ስም በርካሽ የሚሸጡ ሰዎች አያለሁ። ኩባንያውን ማሬስ ከገዛው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዕቃው ጠንካራ ነበር፤ ኪት የማይገኝለት ጠንካራ ዕቃ ግን ይዘሽው ባሕር አትገቢም። ሁለተኛ፣ የፈርስትና የሰከንድ ስቴጁን ሴሪያል ቁጥር አስልኪና አምራቹ ለጥገና የጠራው ሞዴል እንዳይሆን አጣሪ። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ አትንኪው፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ታንኩ ላይ የሚገጠመው በዲን (እየተጠመዘዘ የሚገባው) ነው ወይስ በዮክ (ቫልቩን አቅፎ የሚይዘው)? በጥያቄሽ ላይ አልገለጽሽም።

የሻርጃዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዮክ ነው። ሐሙስ ማታ አይቼው መጣሁ። የተገናኘነው አንድ የጠለቃ ማዕከል ግቢ ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ታንክም አይፒ ጌጅም አዋሱኝ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፤ ሁሉንም እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ።

ፊልትሮዋ ንጹሕ ናት፣ አረንጓዴ የለባትም። የሲሊኮን ሽፋኑም ደህና ነው። ክዳኑን ዘግቼ ስስብ ዋናው ሰከንድ ስቴጅ ምንም አላስገባም። ኦክቶፐሱ ግን አየር አስገባ። አይፒው 9.6 ላይ ቆመ ብዬ ደስ ሲለኝ መውጣት ጀመረ። በአምስት ደቂቃ 10.8 ደረሰ፣ እንደዚያም ሆኖ አልቆመም። መጨረሻ ላይ ሰከንድ ስቴጁ ሽሽ ማለት ጀመረ። የጌጁ ቱቦ ደግሞ መከላከያውን ስስበው ሥሩ ላይ ተሰነጣጥቋል።

መርፌውን ለራሱ አሳየሁት። "ይሄን አላውቅም ነበር" አለና ወደ 500 ወረደ። ገንዘቡን ገና አልሰጠሁትም። ሴሪያሉን አጣርቻለሁ፣ የተጠራ ሞዴል አይደለም። ልግዛ ወይስ ልተወው?

ባለ ወርክሾፑ

ጎበዝ! ብዙ ደንበኛ ይሄን ሳያደርግ ገዝቶ ነው እኔ ጋ የሚመጣው።

በ500 ውሰጂው። ያየሽው ሁሉ የሚጣለው ክፍል ላይ ነው። የሚወጣው አይፒ ሲቱ ነው፤ ኪቱ ውስጥ አዲስ አለ። ኦክቶፐሱ የማስወጫ ጎማው ታጥፎ ወይም አሸዋ ገብቶበት ይሆናል፤ አንዳንዴ ታጥቦ ብቻ ይድናል። የጌጁ ቱቦ ይቀየራል። ዝቅተኛ ግፊት ያላቸውን ቱቦዎች ግን ሁሉንም አብረሽ ቀይሪ፤ የአንዱ ሥር ከተሰነጠቀ ሌሎቹም ዕድሜያቸው እኩል ነው። ፈርስቱ ሲፈታ የናሱ ከንፈር ጭረት ይኑረው አይኑረው ባለሙያው በማጉያ መነጽር ያሳይሽ። ጭረት ካለ ሌላ ወጪ ሳታወጪ እዚያው ጋ አቁሚ።

የትም አሠሪው፣ ስትረከቢ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ የወጡትን አሮጌ ክፍሎች በላስቲክ አድርገው ይስጡሽ። ሁለተኛ አይፒው ስንት ላይ እንደተስተካከለና መርፌው እንደቆመ በወረቀት ይጻፉልሽ። ይሄን የማይሰጥ ቦታ ሌላ ጊዜ አትሂጂ።

ከሰርቪስ በኋላ የመጀመሪያውን ጠለቃ ጥልቅ ቦታ የሰመጠው ኢንችኬፕ መርከብ ላይ አታድርጊው። ስኑፒ ደሴት ጋ ጥልቀት በሌለው ቦታ ይሁን። ከዋናውም ከኦክቶፐሱም ለየብቻ ደቂቃ ደቂቃ ተንፍሺ። ጓደኛሽ ከኋላሽ ሆና ፈርስት ስቴጁ አካባቢ አረፋ እንዳለ ትይልሽ። አዲስ ሲት ከጥቂት ጠለቃ በኋላ ቦታውን ስለሚይዝ አይፒው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ሰከንድ ስቴጁ ሽሽ ካለ መልሰሽ ውሰጂው። ማስተካከያው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ገንዘብ ሊያስከፍሉሽ አይገባም።